መሪጌታን የገደልሁበት ጠዋት

ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲፈታ ሐሜት ይጀምራል ይባላል። ውሸት ነው! ሐሜትማ ሥራ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ጡረተኛ ሰው ይገድላል። ምን ያስፈጥጣችኋል? እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት፣ ቁርሴን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ ጎረቤቴንና ወዳጄን መሪጌታን ገድያቸዋለሁ። በአንዲት ጣት። ያውም በሌባ ጣቴ...

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ። መጀመሪያ ስሙኝ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋብሪካ ውስጥ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። ብሎንና ክር ስቆጥር አርጅቼ ጡረታ ስወጣ የሚቆጠር ነገር ጠፋ። ባለቤቴን የሺወርቅን "ዛሬ ስንት ራስ ሽንኩርት ጨመርሽ?" ማለት ጀመርሁ። እሷም ልጆቹን አስተባብራ ላፕቶፕ አስገዛችልኝና አፌን አዘጋችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ። ጀማሪ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትንቁኝ፤ መካከለኛ ደረጃ ደርሻለሁ። ጀማሪ ማለት የጻፈው ነገር የማይሠራለት ነው። መካከለኛ ማለት ደግሞ... የጻፈው ሠርቶ ጉዳት ማድረስ የጀመረለት!

የመጀመሪያ ሥራዬ ለሰፈራችን ዕድር፣ ለባሕር ዳሮቹ የሹም አቦ ሰፈር ሰዎች ነው። ፕሮግራሙ የአባላቱን ስምና የቤተ ዘመዱን ስልክ በዳታቤዝ ይይዛል። ዳታቤዝ ማለት፣ ለማታውቁት፣ እንደ አማት የነገሩትን የማይረሳ ግምጃ ቤት ነው። አባል ሲያርፍ በስሙ ትይዩ "ሞቷል" የምትለዋን መንካት ብቻ! ለአባላቱም ለዘመዱም መልእክት ይበተናል፤ ድንኳን የሚተክለው ተረኛም ይታዘዛል። ጥሩንባ ነፊ ቀረ!

ታዲያ ከዳታቤዙ ሁለት አለኝ፤ አንዱ መለማመጃ፣ አንዱ እውነተኛው። መለማመጃው ላይ እንደ ልቤ እገድላለሁ። የዕድሩን ዳኛ እንኳ ስንቴ ገድዬ አስነሥቻቸዋለሁ፤ አንድ ቀን አልከፋቸውም።

ትናንት መሪጌታ በዳማ አሸነፉኝ። የከነከነኝ ማሸነፋቸው አይደለም፤ "አንተ ገና ሀ ሁ ቆጣሪ ነህ" ማለታቸው እንጂ። ስለዚህ ዛሬ ፕሮግራሙን ልሞክር ስቀመጥ ማንን ልግደል ብዬ ብዙም አላሰብሁ። ስማቸውን ፈለግሁ፤ ደስ እያለኝ ነካሁት። ወዲያው አጠገቤ ያለችው የራሴ ስልክ ጮኸች። "መሪጌታ ጥበቡ አርፈዋል። የድንኳን ተረኛ፦ እርስዎ።"

ለካስ ፊቴ የተከፈተው እውነተኛው ነበር!

ልመልሳቸው ሞከርሁ። ፕሮግራሙ እምቢ አለ። "የሞተ አባል ወደ ሕይወት አይመለስም።" ይኼን ሕግ ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ሰው እንዳያጭበረብር ብዬ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? የእኔው ግን ስሮጥ ታጥቄው አልፈታም አለ።

ስልኬ ጠራች። መሪጌታ ናቸው።

"አንተ!"

"አቤት መሪጌታ..."

"ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው?"

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። እኔ ግን ለሟቹ አረዳሁት! መልእክቱ ለአባላት ሁሉ ሲበተን፣ ሟቹም አባል መሆናቸው መቼ ታየኝ?

"ስሕተት ነው መሪጌታ፤ አሁን አስነሣዎታለሁ። ብቻ... ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ።"

"ከመጽሐፈ ሕይወት ሳልፋቅ ካንተ መጽሐፍ ተፋቅሁ? ግድ የለም፤ አልዓዛርም አራት ቀን ጠብቋል፤ እኔ አልቸኩልም" ብለው ሊስቁ ጀመሩና ድንገት ድምፃቸው ተለወጠ። "ቆይ... መልእክቱ ለዘመድም ይሄዳል ያልኸኝ አይደለም? እትዬ ደብሬስ?"

እዚህ ላይ የእኔም ሳቅ ደረቀ። እትዬ ደብሬ በቅርባችን ከተማ በሐሙሲት የሚኖሩ ታላቅ እኅታቸው ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት እንደ እናት ሆነው ያሳደጓቸው፣ ልባቸው ደከም ያለ አሮጊት። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ መኖሩን አይቶ ነው የሚያረዳው። እኔ ግን መርዶውን በስልክ ወረወርሁባቸው። ደወልን፤ አያነሡም። ደግመን ደወልን... አያነሡም።

መሪጌታን ላመጣ ስሮጥ አብረውኝ ተረኛ የሆኑት ድንኳን ተሸካሚዎች ቀድመውኝ በራቸው ላይ ደርሰዋል። ሟቹ በእግራቸው ሲወጡ ሲያይ አንደኛው ምሰሶውን እግሩ ላይ ጣለው።

"አይዟችሁ" አሏቸው መሪጌታ፤ "ከማንጎው ሥር ትከሉት። ስመለስ እቀመጥበታለሁ።"

የሐሙሲት ሚኒባስ ውስጥ ገዳይና ሟች ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኒያ ሁሉን በቀልድ የሚመልሱ ሰው፣ መንገዱን ሙሉ ስልኩን በጆሯቸው ለጥፈው ደጋግመው ይደውላሉ። ያ የማይነሣ ጥሪ ከዕድር ቅጣት ሁሉ ከበደኝ። እኔም በሆዴ፣ "እትዬ ደብሬን ብቻ በደኅና አግኝቻቸው፣ ዳማውን ዕድሜ ልካቸውን ያሸንፉኝ" እያልሁ ተሳልሁ።

ሐሙሲት ስንደርስ እትዬ ደብሬ ስልካቸውን ቤት ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ጎረቤቶች ደግፈዋቸው፣ የባሕር ዳር መኪና ይጠብቃሉ። ወንድማቸውን አዩ። ቀረብ ብለው ፊታቸውን ዳሰሱ፤ ጢማቸውን ሳብ አደረጉት።

"አለህ?"

"አለሁ እትዬ።"

"እርግጥ አለህ?"

"አለሁ፤ ጢሜን ልቀቂኝ እንጂ!"

እልል አሉ፤ ጎረቤቶቹም አስተጋቡ። ሲበቃቸው ግን ዓይናቸውን አበሱና "ይኼን ወሬ የላከ ማነው?" አሉ። መሪጌታ ያለ አንዳች ርኅራኄ ወደ እኔ ጠቆሙ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። "ቀና በል! እኔ ለወንድሜ ያስቀመጥሁትን ለቅሶ ዛሬ ጨርሸዋለሁ። እዚሁ መንገድ ላይ፣ በግጥም፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያለቅስ ድረስ! ሌላ የለኝም። እውነተኛው ቀን ሲመጣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ የእኔን ፈንታ የምታለቅስ አንተ ነህ።"

"እሺ እትዬ።"

"በግጥም!"

"በግጥም እትዬ።"

"ማልልኝ።"

"አቦ ምስክሬ ናቸው!"

ስንመለስ መሪጌታ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "በል እስቲ ሞክረው።"

"ምኑን?"

"ለቅሶዬን። ሳትለማመድ እውነተኛው ላይ ገብተህ ነው ጉድ ያደረግኸኝ። ይኼን እንኳ ቀድመህ ተለማመድ።"

ምን አማራጭ አለኝ? በዚያች በቀጨጨች ድምፄ "ወየው መሪጌታ... ወየው ዳማ ዐዋቂው..." ብዬ ጀመርሁ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ደንግጣ ዞረች።

"አይዞዎት አባቴ! ማን ሞቶብዎት ነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታ።

ይኸው ይህን ስጽፍላችሁ መሪጌታ ከማንጎው ሥር፣ በገዛ ለቅሷቸው ድንኳን፣ ዳማ ዘርግተው ይጠሩኛል። በዳታቤዙ ግን ገና እንደሞቱ ናቸው። እሱስ ግድ የለም፤ ሕጉን ፈትቼ አስነሣቸዋለሁ። የማይፈታው የእትዬ ደብሬ ለቅሶ ነው። ዕዳ ሳይከፍሉ መሞት ነውር ነው ይላሉ... እናንተ ግን እባካችሁ ጸልዩልኝ፤ ይኼኛውን ሳልከፍል ልሙት!