ጎመኑ ነው ወይስ ቆስጣው?

እኛ ዘንድ ሰው ታመመ ሲባል "ሐኪሙ ምን አለ?" ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። "ምን ትበላለች?" ነው ጥያቄው። መልሱን ሳይጠብቅም ራሱ ያዝዛል፤ ተልባ፣ አብሽ፣ ቀይ ሥር፣ ብቻ ጓሮው ያበቀለውን ሁሉ። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትካዱ! እኔማ ስልኬ ላይ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ብሶብኛል።

ባለቤቴ ብዙነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወሯን እንደያዘች፣ ሰበታ የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር "ደምሽ አንሷል" አለቻት። የብረት ኪኒን ሰጠቻትና፣ በወር ውስጥ ካልጨመረ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትወልድ ሪፈር እንደምትጽፍላት ነገረቻት። የብዙነሽ እናት ደግሞ ያሉት እዚያው ሰበታ ነው። "እማዬ አጠገቤ ካልሆነች አልወልድም!" ብላ ዓለም ገና ቤታችን እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀሰች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። በማግስቱ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመዳ፣ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው "አካም ቡልተኒ!" እያሉ ገቡ።

"የእኛን ራፉ ትብላ። ዘጠኝ ልጅ ያሳደግሁት በዚህ ነው።"

እሳቸው ሳይወጡ ባለሱቋ እትዬ ዘሃራ ፌስታል ሙሉ ቆስጣ ይዘው ከተፍ አሉ። ጎመኑን ሲያዩ ከንፈራቸውን ጠመም አደረጉ።

"ጎመን ሆድ ይነፋል እንጂ ደም ይሆናል እንዴ? ቆስጣ ስጣት ልጄ!"

"ቆስጣማ ድስት ከገባ በኋላ የት እንደደረሰ አይታወቅም" አሉ ኦቦ ገመዳ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም ድስቴን ይጠብቁ ጀመር። እኔም ዳኛ ልሁን ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ቆስጣ በብረት ይበልጣል ይላል። ወረድ ስል፣ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ነገር ስላለበት ሰውነት እንደልቡ አያገኘውም ይላል። ጎመን ደግሞ በካልሲየም ያስከነዳዋል፣ ብረቱ ግን ያን ያህል አይደለም። ይሄ ፍርድ ነው? ቢቸግረኝ አንድ ቀን ጎመን፣ አንድ ቀን ቆስጣ አልኩና ኩሽናውን ተረከብኩ። እቀቅላለሁ፣ ውሃውን ደፍቼ ጥምዝዝ አድርጌ እጨምቃለሁ፣ አቁላላለሁ። ብዙነሽ በልታ ስትጨርስ ወፍራም ሻይ አስከትልላታለሁ። እንደኔ ያለ ባል የት ይገኛል?

ወሩ ሞላ። ሲስተሯ የምርመራውን ወረቀት አየች።

"ጨምሯል! እዚሁ ትወልጃለሽ።"

ደስታዬን አልቻልኩትም። ስለ ብረት፣ ስለ ካልሲየም፣ ስለ ድስቴ ገለጻ ጀመርኩ። ሲስተሯ አዳምጣ አዳምጣ፣

"የቀቀልክበትን ውሃስ?" አለችኝ።

"እደፋዋለሁ።"

"ከምግቡ በኋላስ?"

"ሻይ።"

ሳቀች። "ወንድሜ፣ ቫይታሚኑን ለቱቦው አጠጥተኸዋል፤ የተረፈውን ብረት ደግሞ ሻዩ ይዞብሃል።" ወደ ብዙነሽ ዞረች። "ኪኒኑንስ?"

"አንድም ቀን አላቋረጥኩም" አለች ሚስቴ፣ እኔን ሳታይ። "ሁሌ ጠዋት ጠዋት፣ ይሄ ሰው ድስቱን ሳይጥድ እውጠዋለሁ።"

ዓለም ገና ስንደርስ ሁለቱም በራችን ላይ ቆመዋል።

"ጨመረ?"

"ጨመረ!"

ኦቦ ገመዳ ኮታቸውን ጎተት አድርገው ቀና አሉ። እትዬ ዘሃራ "አልሐምዱሊላህ፣ ቆስጣዬ!" ብለው ብዙነሽን አቀፏት። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"ኑሩልን፣ የሁለታችሁም ነው" አልኩ። ምን ላድርግ? በኪኒኑ በኩል የሚቀየመኝ ጎረቤት የለኝም።