አባ ፉርቱ ሳይቆልፍ አይነካም

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይቆልፍ ምንም ነገር የማይነካ አንድ ሰው አይጠፋም። በነቀምቴ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር የኮምፒዩተር ባለሙያው ደረሳ ናቸው። ባልደረቦቹ አባ ፉርቱ ይሉታል፤ በኦሮምኛ ባለ ቁልፉ ማለታቸው ነው።

የመዝገብ ቤቷ ሸዋጌጥ ምስክር ናት። ብርቱካን ሲገዛ መጀመሪያ ከረጢቱን ያቅፋል፤ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሲነጋገሩ ሌላ ቢያነሳውስ? ባጃጅ ሲሳፈር "ሜ፣ ኤጊ!"፣ እስቲ ጠብቅ እያለ፣ መያዣውን አጥብቆ እስኪጨብጥ ሾፌሩን ያስጠብቃል። "ያዝ፣ ለውጥ፣ ልቀቅ!" የምትል መፈክርም አለችው።

ባለፈው ሐሙስ ግን ሳቁ ቆመ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦችን መዝገብ የሚያነበው ፕሮግራም ስድስተኛ ቀኑን ይዟል። የከፈተውን ገጽ መዝጋት የሚረሳ ፕሮግራም ስለሆነ በአንድ ጊዜ እንዲከፍት የተፈቀደለት የፋይል ብዛት ሊሞላ ነው። ከሞላ ይወድቃል፤ ከወደቀ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። በር ላይ ደግሞ ከሰፋሪዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ቢረሳው ቆመዋል። የመጡበትን ዓመት የሚያሳይ ማስረጃ ነገ ካላቀረቡ የመሬታቸው ደብተር ይቀርባቸዋል።

"ገደቡን ከፍ አድርግለታ!" አለች ሸዋጌጥ።

ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነውና ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ የለውም። ባልደረባው ይስማው ከርነል በሚሉት የኮምፒዩተሩ እምብርት ውስጥ የሚገባ ኮድ ጽፎ ነበር። ደረሳ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ቁልፍ የለውም፤ ስንቀይር ሌላ እንዳይነካው የሚይዝ።"

"ሁለት ቁጥር ለመቀየር ደግሞ ምን ቁልፍ ያስፈልጋል? የአሁኑ ገደብና ጣሪያው፣ በቃ!" አለ ይስማው።

"አንዱን ቀይሬ ሌላው ሳይቀየር መሐል ላይ ቢነበብስ? ፕሮግራሙ ራሱ በዚያች ቅጽበት ቢሞትስ? ለሄደ እንግዳ ምሳ ታቀርባለህ?"

ደረሳ ቁልፉን ጻፈበት። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ሸዋጌጥ ገደቡ እስኪሞላ የቀረውን ፋይል ትቆጥራለች፦ ሦስት መቶ፣ መቶ፣ አርባ...

"ደረሳ፣ ልትገድለኝ ነው!"

"ቀስ በይ፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ።"

"አብሽሪ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁ ሰው ነኝ" አሉ ጋሽ ቢረሳው ከበሩ።

ዘጠኝ ፋይል ሲቀረው ደረሳ አንድ ቁልፍ ተጫነ።

"አለቀ።"

"መቼ?"

"አንቺ ስትቆጥሪ።"

ፕሮግራሙ አልተደናቀፈም። ከምሳ በኋላ የጋሽ ቢረሳው ገጽ ታተመ፤ ሰባት ነፍስ፣ ከመጡበት ዓመት ጋር። አዛውንቱ ስሞቹን ጮክ ብለው አነበቡ፤ የሞቱትንም ያሉትንም። ከዚያ ደረሳን አቅፈው ከመሬት ሊያነሱት ሞከሩ።

ሸዋጌጥ በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ወረቀት አስወግዳ አታውቅም። ያን ቀን መሳቢያዋን ከፍታ፣ "ሠራተኛው እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ይዛወርልኝ" ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ አወጣች፤ አራት ቦታ ቀደደችው፤ ከመዝገብም ሰረዘችው።