ጨዋው ስፒከሬ

ዕቃ ሲበላሽ እርሙን አውጥቶ ቢበላሽ ምናለበት? ቁርጥህን ታውቃለህ፣ ትተወዋለህ። የሚያንገበግበው አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚለግመው ነው። ለጠጋኝ ስታሳየው ደህና ነው። ከጠጋኙ ደጅ ሁለት ሱቅ አልፈህ ስትሄድ ድርግም። እኔ በሰው ፊት ውሸታም የሆንኩት በመኪናዬ ስፒከር ምክንያት ነው።

መኪናዬ አሮጌ ነጭ ኮሮላ ናት፤ አሶሳ የማያውቃት የለም። ከነበሯት ስፒከሮች ሁሉ የተረፈው በሾፌሩ በር ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም እንዳልኩህ ነው። አንዳንድ ቀን ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ያለ እረፍት ይዘፍናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዘፋኙ «ነይ» ብሎ ይጀምርና ማንን እንደሚጠራ ሳንሰማ እንቀራለን።

ምክር እንደሆነ አሶሳ ሞልቷል። ማንጎ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሙቀቱ ነው አለችኝ። ጎረቤቴ አቧራ ነው አለኝ። አብሮኝ የሚያስተምር ሰው፣ እንኳን መኪና ብስክሌት የሌለው፣ ባትሪው ነው ብሎ ድርቅ አለ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ከማል ደግሞ ቴፑን ቀየረው። አልሆነም። ስፒከሩን ራሱን ቀየረው። አልሆነም። ከማል የበርታ ልጅ ነው፣ ወርቅ የሆነ ሰው፤ ብቻ አንድ አመል አለው። በየመሀሉ «ወላሂ አሁን ገባኝ» ይላል። ሲገባው ግን አይቼ አላውቅም።

እኔም ተስፋ ቆርጬ ትቼው ነበር። መሀል ላይ ሌንሴ መጣች።

ሌንሴ አሶሳ የምትሠራ ነርስ ናት፣ የባምባሲ ልጅ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ መንገድ ዳር እህል የሚነግዱ፣ ጥብቅ ያሉ ጴንጤ ናቸው። ቤታቸው መዝሙር እንጂ ዘፈን አይገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌንሴን ቤተሰቦቿ ጋ አደርሳታለሁ፤ «እግረ መንገዴን ነው» እያልኩ። ምን እግረ መንገድ አለ? ከባምባሲ ወዲያ የምሄድበት አልነበረኝም።

አሁን ስለ ሰላምታ ትንሽ ላውራህ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ተመድቤ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ብርዱ አያስቆምህም፣ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ ታልፋለህ። እዚህ ግን ትልቅ ሰው በመኪና መስኮት ሰላም አይባልም። ዳር ትይዛለህ፣ በሩን ወለል አድርገህ ትከፍታለህ፣ ትወርዳለህ፣ በሁለት እጅህ ትጨብጣለህ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለህ፣ ትጠየቃለህ። በሩ ይኼን ሁሉ ጊዜ ክፍት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያንጨረጭረኝ ነበር፣ ክፍል እየረፈደብኝ። አሁን ወድጄዋለሁ። እንዲያውም ሳይወርድ የሚያልፈኝ ሰው ቅር ያሰኘኛል።

ኦቦ ቶሎሳንም ሱቃቸው ደጅ ሳገኛቸው ወርጄ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም እጄን ጥብቅ አድርገው ይይዙልኛል። አንድ ቀን ሌንሴ «አባዬ ወዶሃል፣ ሥርዓት ያውቃል ይላል» አለችኝ። እናቴ ብትሰማ ሌላ ሰው መስሏት ስሜን ትጠይቅ ነበር።

ሽማግሌ የምልክበት ጊዜ ደረሰ። ፈርቼ ነበር፣ ምን ልዋሽህ። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሳቸው ጴንጤ። አባቷ እምቢ ካሉ ሌንሴ አባቷን አልፋ አትመጣም፤ አውቃታለሁ፣ አልፈርድባትምም። እሷን የማግኘትና የማጣት ነገር በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አከራዬ ሼህ ኢድሪስ ሽማግሌዎቹን ሊመሩልኝ እሺ አሉ። እኔ አደርሳቸውና ደጅ እጠብቃለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የድሮ ዘፈን ካልሰሙ መንገድ ያዞራቸዋል። ስለዚህ መኪናዋን እንደገና ለከማል ወሰድኳት።

እሱ ከቴፑ ሥር ተሸጉጦ ይጎረጉራል፣ እኔ መሪው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ስፒከሩ እንደ ልማዱ ከማል ፊት ጨዋ ሆኖ ይዘፍናል። የሰፈራችን አንድ አዛውንት በዚያ አለፉ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ድርግም። ሰላም ተባብለን ተመልሼ በሩን ስዘጋ ዘፈኑ መጣ። ከማል ከሥር ብቅ አለና «ወላሂ አሁን ገባኝ» አለ። የዚህን ጊዜ ግን እውነቱን ነበር። ከመኪናው ወደ በሩ የሚያልፍ ሽቦ አለ፣ በላስቲክ ቱቦ የተሸፈነ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ ሲዘረጋ ውስጡ ተበጥሶ፣ ጫፍና ጫፉ በዕድል ብቻ ሲነካካ ኖሯል። በሩ ሲከፈት ይለያያል። ሲዘጋ፣ ካልሆነም ጉድጓድ ሲያገኝ፣ ይገናኛል።

«ሽቦውን የገደለው ያንተ ሰላምታ ነው» አለኝ። በስታኞ በየደው፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው፣ እየደጋገመ በሩን እየከፈተ አሳየኝ። ደስታው ከእኔ ይብስ ነበር።

በቀጠሮው ቀን እስከ ባምባሲ አንዲት ቃል ሳትጎድል ተዘፈነ። መምህሩም አብረው አንጎራጎሩ። ኦቦ ቶሎሳ ከዘመዶቻቸው ጋር በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አቆምኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ወርጄ እጅ ነሳሁ። ዘፋኙ በዚያች ሰዓት የአንዲት ልጅ ወገብ ላይ ደርሶ ነበር። ስፒከሩ በተከፈተው በር ላይ ነው፣ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ፣ ያውም ተጠግኖ። እኔ ደግሞ አስተውል፣ ቴፕ መዝጋት የሚባል ነገር እጄ አያውቅም። በሩን ስከፍት ራሱ ይዘጋ ነበራ!

ኦቦ ቶሎሳ ጫፍ ጫፉን ጨበጡኝ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ።

«ሃይማኖቱን አነሱት?» አልኳቸው ሼህ ኢድሪስን፣ መኪና ውስጥ እንደገባን።

አላነሱትም አሉኝ። ሰውየው ያሉት ሌላ ነው። «ይህ ልጅ እኔን ሲያይ ዘፈኑን ቀጥ ያደርግ ነበር፤ የወደድኩት ለዚያ ነው። እምነታችን ቢለያይም እኔን እንዲህ ያከበረ ልጄን ያከብራል ብዬ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ዛሬ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ በሬ ላይ ለቀቀብኝ። ላስብበት፣ ሌላ ቀን ኑ።» ይኼው ነው ያሉት።

ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ የተወደድኩት በተበጠሰ ሽቦ ነው።

በማግስቱ ከማልን «በጥሰው» አልኩት። ያመመኝ መስሎት ግንባሬን ነካ። በእጅህ አትዘጋውም ወይ ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። እኔ ግን እጄን አላመንኳትም፣ ነገሩ የሌንሴ ነዋ። ከማል በስንት መከራ ያገናኘውን ሽቦ ፊቱን አዙሮ ቆረጠው፤ ጫፍና ጫፉንም እንደ ድሮው በሩ ሲዘጋ ብቻ እንዲነካካ አድርጎ ተወው።

ሽማግሌዎቹን ይዤ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ጸጥ። የኦቦ ቶሎሳ ፊት እንዴት እንደበራ ባየህ! መጥተው አቀፉኝ። ሌንሴንም ሰጡኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያ እሳቸው አየሁት ያሉት ልጅ ለመሆን ከልቤ እየጣርኩ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ባለፈው ሰሞን አማቼ ኦቦ ቶሎሳ አሶሳ መጥተው ሰነበቱና ስመልሳቸው ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ፣ መዝሙር የሞላበት። ቤተሰብ ሆነናል፣ መኪናህም ትባረክ አሉ። እስከ ባምባሲ እያጨበጨቡ ሄዱ። ከተማው መግቢያ ላይ ጎረቤቶቻቸው ቆመው አገኘን። እንደ ወጉ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። መዝሙሩ ከመሀል ላይ ድርግም።

አማቼ ከውስጥ አዝነው አዩኝ። «ልጄ» አሉ፣ «ዘፈኑን ለእኔ ብለህ መዝጋትህን ወደድኩልህ። የእግዚአብሔርን ምስጋና ግን ለሰው ብለህ ታቋርጣለህ?»

ከባምባሲ በቀጥታ ከማል ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«ወላሂ አሁን ገባኝ» አለኝ። «አንተ የምትፈልገው ዘፈንና መዝሙር የሚለይ ሽቦ ነው። እሱ ገና አሶሳ አልገባም።»