ባቄላ መሃል የተገኘው ኔትወርክ

የአነስተኛ አርሶ አደሮች ማኅበር፣ የዲጂታል ግብርና ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ዘጠኝ ተኩል የተጀመረ

ቦታ፦ የማዳበሪያ መጋዘን፤ ወንበር ስለሌለ ጆንያ ላይ

የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛው መምህር፣ የሰብሳቢው ወንድም (ተኝተው)፣ ጸሐፊው

በጥሪ የተገኙ፦ ባለ ባቄላዋ (የጸሐፊው አማት)

ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ፣ የተኛም ስለሚቆጠር፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የእርሻ ምክር በስልክ ስለመቀበል

ሰብሳቢው ማኅበሩ ወደ ዲጂታል ዘመን መሸጋገሩን አበሰሩ። ታዲያ ምክሩ ለምን ለአንድም ሰው እንዳልደረሰ ሲጠየቁ፣ ኔትወርክ ስለሌለ መሆኑን ገልጸው፣ ይህ ግን ሽግግሩን እንደማያጓትተው አስረዱ።

አጀንዳ 2፦ ኔትወርክ

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ኔትወርክ የሚገኘው በባለ ባቄላዋ ማሳ መሃል ብቻ መሆኑን በጥናት እንደደረሱበት ተናገሩ። ባለ ባቄላዋ ጥናቱ የተካሄደው ባቄላቸው ላይ በመንጎራደድ መሆኑን ጠቅሰው፣ “የዓመት ቀለቤ እሱ ብቻ ነው፤ አበባ ይዟል። በፈጠራችሁ፣ እግራችሁን ሰብስቡልኝ!” አሉ። ሰብሳቢው “እትዬ፣ ከአጀንዳ አይውጡ” አሏቸው።

መምህሩ ኔትወርኩ ወደ መንገድ ዳር እንዲዛወር ደብዳቤ ይጻፍለት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት “ምን ነካዎት? ኔትወርክ ማንበብ ይችላል እንዴ?” በማለታቸው ስድብ ተከተለ፤ ለማኅበሩ ክብር ሲባል አልተጻፈም። ከረጅም ውይይት በኋላ ማሳው “የዲጂታል ማዕከል” ተብሎ እንዲሰየም፣ ባቄላውም እንዲተባበር ተወሰነ። ጸሐፊው አማቱንም ሰብሳቢውንም ላለማስቀየም እጁን በግማሽ አነሳ፤ እንደ ድጋፍ ተቆጠረበት። አማቱ “ልጄን የሰጠሁህ ለዚህ ነው?” ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ጥያቄውን መዝግቦ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

አጀንዳ 3፦ የመስክ ሙከራ

የተኙት አባል ተቀስቅሰው ጉባኤው በሙሉ ማሳው ውስጥ ገባ። በሰብሳቢው ስልክ ላይ የመጀመሪያው ምክር ደረሰ፤ ተጨበጨበ። ምክሩም “ውድ አርሶ አደር፣ ባቄላዎ ካበበ ሰውም ከብትም ማሳው ውስጥ አያስገቡ” ይላል። ሰብሳቢው ምክሩ እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ ዳር የቆሙት በደንብ እንዲሰሙ ወደ መሃል እንዲጠጉ አዘዙ። ተጠጉ። አሁንም አልተሰማም ስለተባለ ዳግመኛ ተነበበ።

ባለ ባቄላዋ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። እኔ ጸሐፊው አፈርኩ፤ እንዲህ ያለው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንደማይጻፍ አውቃለሁ፣ ጽፌዋለሁ።

የማጠቃለያ ውሳኔ

በዚህ መሃል መምህሩ “ካሳ” የሚል ቃል አምልጧቸው ስለተናገሩ፣ ጉባኤው ያለ አንዳች ክርክር የሚከተለውን ወሰነ፦ ኔትወርክ አልተገኘም፤ ምክር አልደረሰም፤ ማንም ማሳ ውስጥ አልገባም። ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። አማቴ ግን ይህ እስከተጻፈበት ድረስ ጎንበስ ብለው፣ በውሳኔው መሠረት ያልተረገጠውን ባቄላ እያቃኑ ነው።