ሎሎ ቤን እንደተረጎሙት

ፊልም ሰው አያስተምርም የሚል ሰው፣ ቋንቋውን በማያውቀው ፊልም ፊት ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ግን ተቀምጫለሁ። ለዚያውም ሥራ ተብሎ፣ ደመወዝ እየታሰበልኝ።

ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፤ እናንተ ሆም ኬር የምትሉት። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ በባቡርም በባስም ብዬ አሌክሳንድሪያ ስደርስ፣ ሎሎ ቤን ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። ሎሎ በፊሊፒኖች ቋንቋ አያት ማለት ነው። ሰማንያን ተሻግረዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆነው ነው። ለመርከበኛ ሁሉ ጨው ሲመጥኑ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ለራሳቸው ጨው ተከልክለዋል። ደም ግፊት አለባቸው።

የከለከለቻቸው አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ግሬስ ናት። ግሬስ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ስትሆን አባቷንም የምታስተዳድረው እንደ ዋርድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አቁማ መመሪያ ሰጠችኝ። ጨው የለም። ጥብስ የለም። ከምሳ በኋላ ኮሪደሩ ላይ በእግር መሄድ አለ።

"ላይኛውን ካቢኔት እንዳትከፍቺው፤ የኔ ቱዮ ነው ያለው" አለችኝ። ቱዮ በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። "ሌላው ቀላል ነው። ፊልም ያሳይሻል።" ይህን ብላ ወደ ሺፍቷ ሄደች።

እውነትም አሳዩኝ። ሎሎ ቤን የአገራቸውን ፊልም በዲቪዲ ቆልለው ነው የሚያስቀምጡት። የመጀመሪያው ላይ አንዲት እናት ሻንጣ ይዛ ኤርፖርት ውስጥ ልጆቿን ትሰናበታለች። አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ አልለቅም ስትል፣ እኔ የሎሎን ሶፍት ጨረስኩት። እኛ ሰፈር ይሄን ፊልም ያልሠራ ማን አለ?

"ገባሽ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"ገባኝ።"

"ምን ተማርሽ?"

"እናት ለልጆቿ ስትል የማትሆነው የለም።"

"እሱ ከላይ የሚታየው ነው" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ፊልሞቻችን ጠለቅ ያሉ ናቸው። ቃሉን ካላወቅሽ ቁም ነገሩ ያመልጥሻል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተርጓሚዬ ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ ትርጉሙ ደህና ነበር። አንድ ልጅ የአያቱን እጅ ይዞ ግንባሩን ሲያስነካ "ምርቃት መቀበሉ ነው" አሉኝ። እኛም ጉልበት እንስማለን አልኳቸው፤ ተግባባን። ሌላ ፊልም ላይ ወንድማማቾች ራት ጠረጴዛ ዙሪያ ተጯጯሁ። "ቤተሰብ ተጣልቶም አብሮ ይበላል ነው ነገሩ" አሉኝ። ይሄንንም ወደድኩት። ማታ ለባሌ ነግሬው፣ እሱም ወደደው።

ከዚያ ትርጉሙ ወደ ወጥ ቤት ማዘንበል ጀመረ…

አንድ ቀን ሁለት ሴቶች መስኮት ሥር ቆመው ረጅም ወሬ ያወራሉ። ምን እያሉ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሎሎ ጥቂት አዳመጡ።

"አያታቸው ዓሣ አማረኝ ብሎ፣ ተከልክሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሞተ ነው የሚሉት።"

"እየሳቁ ነው እኮ።"

"የከለከሉት እነሱ ናቸዋ። ክፉዎች ናቸው።"

በሳምንቱ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ብቅ አለ። እሱም፣ በሎሎ ትርጉም፣ ሽማግሌን ከምሳ በኋላ ኮሪደር ላይ ማንገላታት ቤተሰብ ይበትናል ብሎ አስጠነቀቀ። የፊሊፒንስ ሲኒማ ለአዛውንት ምሳ እንዲህ የሚጨነቅ መሆኑን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሽማግሌ እየለመኗችሁ፣ ያውም ፊልም እየመሰከረላቸው… ካቢኔቱን ከፈትኩ። አንዲት ትንሽ ቱዮ ጠበስኩ። በማግስቱም አንዲት። ዓሣዋ ትንሽ ብትሆንም ሽታዋ ትንሽ አልነበረም። ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ባዶ ወንበር ሳይኖር ተነስታ ቆመች። ባሌ በር ላይ ተቀብሎኝ "ጃኬትሽን ውጭ አውልቂው" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ግሬስ ኮል አደረገችኝ። "የአባዬ ግፊት ወጥቷል" አለች። "ነገ ኦፍ ነኝ። ቁጭ ብለን እናወራለን።" ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ሥራዬን ማጣቴ አንድ ነገር ነው። ሰውየው በኔ እጅ አንድ ነገር ቢሆኑስ?

በማግስቱ ስደርስ ግሬስ ሶፋው ላይ፣ ሎሎ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የሁለቱ ሴቶች ፊልም ተከፍቷል።

"ቱዮዬ አልቋል" አለች ግሬስ። "እኔ ደግሞ አልበላሁትም።"

ሎሎ ቴሌቪዥኑን በከፍተኛ ትኩረት ይመለከታሉ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አልኩ። "በዚያ ሰውዬ የደረሰው እሳቸው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ ፊልም ላይ ያለው አያት። ዓሣ ተከልክሎ የሞተው።"

ግሬስ ፊልሙን አየች። እኔን አየች። "ይሄ ፊልም ላይ አያት የለም" አለች። "የቁንጅና ውድድር ነው።"

ሪሞቱን ከአባቷ እጅ ወስዳ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ከምስሉ ሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተዘረጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዲቪዲዎቹ ጽሑፍ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ሥር መጥተው ቆሙ። አንደኛዋ "ፀጉርሽን የት ነው የተሠራሽው?" አለች። ሌላዋ "እናቴ ናት የሠራችኝ፤ ያስታውቃል?" ብላ ሳቀች።

ግሬስም እኔም ወደ ሎሎ ዞርን። ሎሎ ጽሑፉን ረጋ ብለው አነበቡት።

"ትርጉሙ ልክ አይደለም" አሉ።

ግሬስ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ልትሸኘኝ ነው ብዬ ጃኬቴን ሳላወልቅ ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

"ሌላ ምን ምን ነገረሽ?"

ነገርኳት። ሐኪሙን፣ ወንድማማቾቹን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን አያት። እዚያ ላይ ስደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሰለኝ። ስትዞር ለካ እየሳቀችም ነበር።

"እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ፊልም አብሬው ጨርሼ አላውቅም" አለች። "ገና ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደኛል። ዝም ብሎ ብቻውን የሚያይ ነበር የሚመስለኝ።" ዓይኗን ጠረገችና እንደገና ነርስ ሆነች። "ዓሣ የለም። እንደገና ከተደገመ ለላከሽ ኤጀንሲ እደውላለሁ። ጽሑፉ ደግሞ ክፍት ይሁን። ፊልሙን ግን እንዳታቋርጪበት።"

እንዳለችው ሆነ። በጨው ፋንታ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ገባ፤ ግፊቱም ወረደ። ሎሎ ግን አኮረፉ። እሳቸው ያያሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ፊልሞቹ መልካም ናቸው፤ ትምህርታቸውም እኛ ቤት የሚነገረው ነው… እናትሽን አትርሺ፣ ታላቅሽን አክብሪ፣ ያለሽን ተካፍለሽ ብዪ። ይሄን ሁሉ ቁም ነገር እያነበብኩ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሎሚ የነካውን ዶሯቸውን ያለ ተቃውሞ እንደጨረሱ፣ አይቼው የማላውቀውን ዲቪዲ ከተትኩ። ሪሞቱን አንስቼም ያችን ቁልፍ ተጫንኳት። ጽሑፉ ጠፋ።

ሎሎ ስክሪኑን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ።

"ምን እየተባለ ነው?" አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥራ ፈትቶ የከረመ አስተርጓሚ እስኪሟሟቅ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

"'ይቺ ልጅ አስተዋይ ናት፤ እግዜር ይባርካት' እየተባለ ነው" አሉ።

ስክሪኑ ላይ የነበረው ግቢ የሚያቋርጥ ውሻ ብቻ ነው።