የኤቢሴ ሻይ ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር

ሳይሾም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር በዚህ ከተማ አይገኝም። የኮልፌ 18 ማዞሪያው ክቡር አቶ መሸሻ ናቸው። ጠዋት የጨርቅ ሱቃቸውን ለሚስታቸው ትተው ኤቢሴ ሻይ ቤት ይሰየማሉ። ከዚያ በኋላ ቀይ ባሕር የእሳቸው ነው።

ክቡርነታቸው ካርታ የሚሠሩት በሰው ሻይ ነው። የስኳሩ ዕቃ የመን ይሆናል፤ የሶፍት ማስቀመጫው ጅቡቲ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት መርከብ ሁሉ የሚሽሎከለክበት ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው። ቀጥለው እጃቸውን ይዘረጉና ገና ያልቀመስከውን ብርጭቆ አንስተው "ይቺ ፈረንሳይ ናት" ይላሉ። እኔ ትኩስ ሻይ ከጠጣሁ ቆየሁ። ልመልስ ብል "ካርታውን አታበላሽ" እባላለሁ።

ተከራካሪያቸው አቶ ጥሩነህ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እሳቸው የአሜሪካ ወገን፣ አቶ መሸሻ የቻይና። ከሁለቱም አገር አንድ ካልሲ እንኳ ተልኮላቸው አያውቅም። ሆኖም አንዴ በአንድ የጦር መርከብ የተነሳ ተኳርፈው ለቅሶ ቤት ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል።

ነገሩ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአቶ መሸሻ ልጅ ኢዮስያስ የጭነት መርከብ መካኒክ ነው፤ የሚመላለሰውም በዚያው መተላለፊያ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ሰሞን እዚያ መርከቦች ላይ እየተተኮሰ ነው ተባለ። ኢዮስያስ ነገ እንደሚያልፉና ሲያልፉ እንደሚደውል ተናግሮ ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ ክቡርነታቸው መጡ፣ ተቀመጡ፣ የማንንም ብርጭቆ አልነኩም። ሻዬን በትኩሱ ጠጣሁት፤ አልጣመኝም።

አቶ ጥሩነህ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነስተው መጡ። የመንንና ጅቡቲን በየቦታቸው አስቀመጡና መሃል ላይ አንድ ማንኪያ አስተኙ። ከማንኪያው በአንድ በኩል የራሳቸውን ብርጭቆ፣ በሌላው በኩል የአቶ መሸሻን አስጠጉ።

"ይኸውልህ መሸሻ፣" አሉ ቀስ ብለው፤ "ያንተ ቻይናና የእኔ አሜሪካ ሲጣሉ ይጣላሉ። ለመንገዱ ሲሆን ግን ሁለቱም የሚያስጭኑት ዕቃ አላቸው። የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ሁለቱም መርከብ ልከው የለ? ልጃችንን መሃል አድርገው ያሳልፉታል።"

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። አቶ ጥሩነህም የሚያውቁ አይመስለኝም። አቶ መሸሻ ግን ማንኪያውን በጣታቸው ወደፊት ገፋ አደረጉት። ሁለቱም ስልኩን መሃላቸው አስቀምጠው ምሳ እንኳ ሳይበሉ ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ ደወለ። አልፈዋል። አባትየው ዓይናቸውን ከጅቡቲ በመዘዙት ሶፍት ጠረጉ። ጉሮሯቸውንም ጠራርገው፣ "መቼም ያሳለፈችው ቻይና ናት" አሉ።

አቶ ጥሩነህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ክርክሩ ጦፈ፤ ፈረንሳይ አስፈለገች። የክቡርነታቸው እጅ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ መፈለግ ጀመረ። ኤቢሴ አዲስ ሻይ ቀድታልኝ ነበር፤ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ራሴ አንስቼ ሰጠኋቸው።