የሰሜኑ በር ንቦች

ሰው ኃጢአቱን ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ቢጨርሰው ይሻለዋል። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው፤ ወሬም አያወራም። ጣጣው በመካከል ሦስተኛ ወገን ሲገባ ነው። በእኔ ነገር የገባው ንብ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን ታሪክና አሠራር መዝግቡ ስንባል ለእኔ የደረሰኝ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ያለው የባለቤቴ አጥቢያ ሆነ። ሕንፃውንና ንብረቱን የሚጠብቁት ገበዝ ደግሞ አማቴ ቄስ ታከለ ናቸው። አማትን ቀና ብሎ ማየት እንኳ ነውር በሆነበት አገር፣ ሜትር ዘርግቶ "ጫፉን ይያዙልኝ" ማለት ምን ይሉታል?

ቀኑ ረቡዕ ነበር። እናንተ አትፈርዱብኝም ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ሳላስበው እንቁላል ፍርፍር በልቻለሁ። ሳላስበው ስል ግማሹን ነው። ግማሹን የበላሁት ረቡዕ መሆኑ ትዝ ካለኝ በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው ጽድ። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ መቅደስ፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚፈቀድለት ሰው ያንሳል። አማቴ ምሰሶዎቹን በመቋሚያቸው እየነኩ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በሐዋርያት ቁጥር፣ አሉኝ። እኔ ስቆጥር አሥራ አንድ ሆኑብኝ። የይሁዳ ቦታ ይሆናል ብዬ አሥራ ሁለት ጻፍኩ።

ሰሜኑ በር ስንደርስ ከጉበኑ በላይ ግድግዳው ተሰንጥቆ ንብ ይገባል፣ ይወጣል። አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ ንብ ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ቤቱን እንደሚጠብቅ፣ ንጹሑን እንደማይነካ፣ ጾም የሻረውን ግን ከመቶ ሰው መሐል ለይቶ እንደሚነድፍ ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት የተነደፈ አንድ ሰውዬ ዛሬም ገበያ ሲወጣ "ንብ ያወቀው" ይባላል አሉ።

መነደፉ ብቻ ቢሆን እችለዋለሁ። ቄስ ታከለ ልጃቸውን ለጾም ሻሪ ዳሩ ተብሎ ሲወራ፣ ባለቤቴ እዚህ ቀዬ በምን ፊቷ ትገባለች? ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ደግሞ አራት ሽማግሌዎች ሥራ ፈትተው እኔን ያያሉ።

አማቴ የበሩን ከፍታ ለካ አሉኝ። ሜትሩን ሽቅብ ሰደድኩት፤ ጫፉ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ንቡ ግር ብሎ ወጣ። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፈረጠጡ፤ ሽማግሌዎቹማ ምርኩዛቸውን ጥለው ነው የሮጡት። እኔ ግን እንዴት ልሩጥ? መሮጥ ማመን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። አንዱ በሱሪዬ እግር ገብቶ ጭኔ ላይ ነደፈኝ። ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ ነደፈኝ፤ የት እንደሆነ በአማት አገር አይነገርም። እንባዬ ወረደ፣ ከንፈሬን ነከስኩ፣ ድምፅ አላሰማሁም።

ንቡ ሲረጋ ተመለሱ። ፊቴን አዩ፣ እጄን አገላብጠው አዩ፣ አንድም ምልክት የለም። እንባዬን ያየ ሽማግሌ ጸሎት ላይ ነበር አለ። አማቴም ግንባሬን ሳሙኝ።

ለካ ግድግዳው እንዳይናድ ያንን ስንጥቅ የሚደፍን ንጹሕ ሰው አጥተው ኖረዋል። እዚያው በአንድ ቃል ለእኔ ሰጡኝ፤ ሥራው የፊታችን ሰኞ ነው። እየተቁለጨለጭኩ፣ ቢያንስ ንቡን የሚያባርር ጭስ ይዘጋጅልኝ ብዬ ለመንኩ።

አማቴ በኩራት ሽማግሌዎቹን ዞር ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ላንተ ደግሞ ጭስ ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።